ፈንጠዝያ በእኛ ግቢ

አባቴ ቃላት ይወድ ነበር፤ ሌላው ሰው ኳስ በሚወደው ልክ። ስታዲየም በእግር በሚደረስበት ሰፈር እየኖረ አንድ ቀን እንኳ ጨዋታ ሊያይ ገብቶ አያውቅም። ቤታችን መጥቶ በወሬ መሃል «ፈንጠዝያ» የምትለዋን ቃል የጣለ እንግዳ ግን ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ሁለተኛ ተቀድቶለት፣ እሱም እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይለቀቅም። የቃሏን ታሪክ ከሥሯ ሰምቶ ነው የሚሄደው።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የተወለደው ሰሜን ነው፤ በልጅነቱ የለቃቀማት ትንሽ ጣልያንኛ ነበረችው፤ ያቺን እንደ ርስት ይጠብቃታል። እንደ እሱ አነጋገር ፈንጠዝያ ከጣልያን የመጣች ቃል ናት። ጣልያኖች በአገራቸው ምናብ፣ የሐሳብ ሽርሽር ለማለት ነው የሚጠቀሙባት። እዚህ መጥተው የእኛ ሰው ከበሮ ሲመታ፣ ፈረስ ሲጋልብ፣ ጥይት ወደ ሰማይ ሲተኩስ ሲያዩ ምን ብለው እንደሚጠሩት ግራ ገባቸውና ያችኑ ቃል ለጠፉበት። እኛም ከአፋቸው ተቀብለን ፈነጠዘ፣ ይፈነጥዛል እያልን የራሳችን አደረግናት። እዚህ ላይ ሲደርስ አባቴ ጣቱን ያነሳል።

«ስለዚህ ፈንጠዝያ የጨፋሪው ቃል አይደለችም» ይላል። «ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ቃል ናት።»

አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛው ቃሏ ከዓረብ ናት ብሎ ስለተከራከረው ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው ነበር። እናቴ በዚህ ትስቅ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጨፍረው በማያውቁት ጭፈራ ተጣሉ ትላለች።

ሰፈራችን ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጣልያን ነው፤ ለሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች። የእኛም ግቢ ትልቁ ቤት ከእነዚያ አንዱ ነበር። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ ቤት ነው፤ ኋላ ላይ የቀበሌ ሲሆን በኮምፔርሳቶ፣ በስስ ጣውላ ግድግዳ፣ ተከፋፍሎ ለብዙ ቤተሰብ ተሰጠ። የቀድሞ ማድ ቤቱና የሠራተኞች ክፍሎቹም ሰው ይኖርባቸው ነበር። ቧንቧው አንድ፣ በሩ አንድ፣ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ አንድ ነው። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ቡና ቤቶች ነበሩ። ሙዚቃቸው አመሻሽ ላይ ሲጀምር የግቢው ትልልቅ ሰዎች ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው «ፈንጠዝያው ተጀመረ» ይላሉ። በሰፈሩ አፍ ቃሏ ጥሩ ስም አልነበራትም። ደመወዙን ቤቱ ሳያደርስ የቀረ ባል፣ ትምህርቷን የተወች ልጅ፣ ሁሉም ፈንጠዝያ በላው፣ ፈንጠዝያ በላት ይባል ነበር።

በእኛ ግቢ ውስጥ ግን ቃሏ ሌላ ነገር ነበር የምትጠራው። ድግሱን አይደለም፤ ሠርጉን አይደለም። በእኛ ግቢ ፈንጠዝያ ማለት ከድግሱ ማግስት ድንኳኑ የሚነቀልበትና ድስት የሚታጠብበት ቀን ነው። ይህን ትርጉም የትኛውም መዝገበ ቃላት ውስጥ አታገኙትም። አባቴም ፈልጎ አጥቶታል።

ነገሩን የጀመረችው እታለም ናት። እታለም የጎን ጎረቤታችን ነበረች፤ ሁላችንም እንደዚያ ስለምንላት ሌላ ስም ያላት አይመስለኝም ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ትሠራለች፤ ድምፅዋ ከታይፑ ይብሳል። ከእናቴ ጋር የሚለያቸው ያ ኮምፔርሳቶ ብቻ ስለነበር የእሷ ምድጃና የእኛ ምድጃ ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ ሁለቱ ሴቶች ወጥ እያማሰሉ በግድግዳው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ። አንዷ ጨው መጨመሯን ሌላዋ ታውቃለች። እናቴ ዝምተኛና ኩሩ ሴት ነበረች፤ ለግድግዳው ግን ሁሉንም ትነግረዋለች።

እኔ ከመወለዴ በፊት ነው አሉ። የሆነ ልጅ ክርስትና ተነስቶ፣ ተደግሶ፣ ተበልቶ፣ በማግስቱ የቤተሰቡ የንስሐ አባት መርቀው ሊወጡ ወደ ግቢው ይገባሉ። ሲገቡ የሚያዩት ነገር ሌላ ነው። ትናንት ነጭ ለብሰው አንገታቸውን ደፍተው ያስተናገዱ ሴቶች በባዶ እግራቸው፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ እስከ ክርናቸው አመድ ሆነው፣ አንዷ ጄሪካን ትደልቃለች፣ ሌሎቹ በተደፉ ድስቶች ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ቄሱ ደንግጠው ምን እየሆነ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሁሉም ባሉበት ደርቀው ሲቀሩ እታለም ብቻዋን «ፈንጠዝያ ላይ ነን አባ፣ ይባርኩን» አለች። ቄሱ ሳቃቸውን ለመደበቅ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ ይባላል። ባርከው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ የዚያ ቀን ስም ያ ሆኖ ቀረ።

ድግስ ሲደገስ እናቶቻችን ምን እንደሚሆኑ ያላየ ሰው ይህ ቀን ምን እንደሆነ አይገባውም። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ሽንኩርት ነው፣ ቅመም ነው፣ ጠላ ጥንስስ ነው። በዕለቱ አይቀመጡም፣ አይበሉም፤ የሚቀምሱት ወጡ ጨው በቃው አልበቃው ለማለት ነው። ድንኳን ውስጥ ሲጨፈር እነሱ ከድንኳን ጀርባ ጭስ ውስጥ ናቸው። እንግዳው ሲወጣ በር ላይ ቆመው እጅ እየነሱ ያመሰግናሉ። ድግሱን እነሱ ሠርተው ድግሱ የሌላ ሰው ሆኖ ያልፋል።

በማግስቱ ግን የግቢው በር ከውስጥ ይቀረቀራል። ወንዶቹ ድንኳኑን ነቅለው ይጠቀልላሉ፤ ሴቶቹ የእድሩን ድስቶች ቧንቧው አጠገብ ያሰልፋሉ። አመድ፣ ሽቦ፣ ውሃ። ጥላሸቱ ሲለቅ ከየድስቱ ቂጥ የተረፈው ወጥ ሁሉ በአንድ ትሪ እንጀራ ተፈትፍቶበት ይቀርባል፤ ዶሮው ከምስሩ፣ ምስሩ ከጥብሱ ተደባልቆ። ያን የመሰለ ምግብ ከዚያ በኋላ በልቼ አላውቅም። ቅራሪው በጣሳ ይዞራል። ከዚያ አንዷ ሳታስበው የደፋችውን ድስት በእጇ መታ መታ ታደርጋለች፤ ሌላዋ ጄሪካኑን ትስባለች። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ እጁ ያልራሰ አይገባም። ድስት ያላጠበ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ልጅም ሆነ አዋቂ፣ መጨፈር ይቅርና ማየትም አይችልም። መጋረጃ ገልጦ የሚያይ ከተገኘ እታለም ውሃ ይዛ ወደ መስኮቱ ትመጣለች።

እናቴ ሰው ፊት ጨፍራ አታውቅም። የገዛ ወንድሟ ሠርግ ላይ ሙሽራው ራሱ እጇን ይዞ ሲጎትታት ወጡ ያርርብኛል ብላ አመለጠችው። በፈንጠዝያ ቀን ግን ነጠላዋን አገልድማ ትነሳና እንደ ሰሜን ጭፈራ ክብ ሠርታ መዞር ትጀምራለች፤ እግሯ ከመሬት ብዙም አይነሳም፣ ትከሻዋ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። የምትዘፍነው በትግርኛ ነበር። እቤት ውስጥ ትግርኛዋን የምታወጣው ስትጸልይና ስትቆጣ ብቻ ስለነበር እኛ ልጆቿ መጀመሪያ ላይ የተቆጣች መስሎን እንደነግጥ ነበር። እታለም ትግርኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ግን ተቀባይዋ እሷ ነበረች፤ ያልሰማችውን ሁሉ በልበ ሙሉነት ትመልሳለች። ከዚያ የጉራጌው ይቀጥላል፣ የወሎው ይቀጥላል፤ ማንም የማንንም ይጨፍራል። ስለ እናቴ ሳስብ ሁሌ የምትመጣብኝ ያን ቀን እንዳየኋት ሆና ነው። በሌላው ቀን የማውቃት እናቴን ነው፤ ያን ቀን ግን ያቺን ሴት ራሷን አይቻታለሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታላቅ ወንድሜ አገባ። ሠርጉ ግቢያችን ውስጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ቪዲዮ ቀራጭ ያልጠራ ደጋሽ እንደ ደኸየ ይቆጠር ስለነበር እኛም ጠርተናል። በማግስቱ ቀራጩ የረሳውን መብራት ሊወስድ መጣ። በሩን ማን እንደከፈተለት አላውቅም። ሲገባ ጭፈራው ደርቷል፣ እናቴ መሃል ናት። ሰውየው ጥሩ ነገር ያገኘ መስሎት ካሜራውን ወደ ትከሻው አነሳ። እናቴ ካሜራውን ያየችው ዞራ ስትመጣ ነው። ቀጥ አለች። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ራሷ ላይ ጣለችና ወደ ድስቷ ጎንበስ አለች። ጄሪካኑም ዝም አለ።

እታለም ወደ ቀራጩ ሄደች። አልጮኸችበትም። ካሜራውን ወንበሩ ላይ እንዲያስቀምጥና ባለ ጆሮውን ጎላ እንዲያጥብ በጨዋ ደንብ ነገረችው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ማንም አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ እጅጌውን ሰበሰበ። ያ ጎላ ሁለት ሴቶች ተጋግዘው የሚያጥቡት ድስት ነው። ብቻውን አጠበው፤ ነጭ ሸሚዙ አመድ ጠጣ፣ ላቡ ወረደ። ሲጨርስ እታለም ጣቷን በድስቱ ውስጥ አዙራ አየችና ምንም ስላላገኘች ይግባ አለች። ገባ። ደግሞ መጨፈር ያውቅበት ነበር፤ ካሜራው ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዋለ።

ይህን ሁሉ አባቴ በመስኮት ሲያይ ነበር። በሩ ተከፈተና ከነከረባቱ ወጣ። ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ክዳን ስጡኝ አለ። ዓመታት ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ያየው ጭፈራ ውስጥ ቀራጩ በአንድ ቀን መግባቱ ሳያስቀናው አልቀረም። ክዳኑን አጠበ፤ እታለም መልሳ ሰጠችው፤ እንደገና አጠበ፤ እንደገና መለሰችለት። የቃላት ሊቅ አመድ ላይ ደካማ ነው እያለች ግቢውን አሳቀችበት። በመጨረሻ ሲፈቀድለት እናቴ ፊት ሄዶ ቆመ። አባቴ ትከሻው እንቢ የሚል ሰው ነበር፤ ከረባቱ ከሱ ይልቅ ጨፍሯል። እናቴ በእርጥብ እጇ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ጉንጯ ላይ የአመድ ጣት ቀረ። ሁለቱ አብረው ሲጨፍሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማታ ላይ አባቴ ስለ ቃሏ አንድ ነገር ሊናገር ጀመረና ተወው።

ያን ቀን የቀረጸው የለም። በዚህ አንዳንዴ እናደዳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ቢቀረጽ ኖሮ ቀኑ ራሱ እንደማይኖር ትዝ ይለኛል።

አባቴ ያረፈው እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ያው የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ ያው ወንበር፣ ያው ድስት። ለቀስተኛው ሲያበቃ፣ ድንኳኑ ሲነቀል፣ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ድስቶቹን ቧንቧው ዳር አሰለፉ። የሐዘን ዕቃ እንደ ደስታው አይደለም፤ በሩም አልተቀረቀረም፣ ማንም ድምፅ አላሰማም። የሽቦው ድምፅ ብቻ ነበር። እናቴ መሬት ላይ ከተነጠፈላት ፍራሽ ተነስታ ወጣች። ሐዘንተኛ ሥራ እንዲነካ አይፈቀድም፤ ሁሉም ቀና ብለው አዩዋት፣ ማንም ተቀመጪ አላላትም። እታለም ጎን ቁጢጥ አለችና ሁለት እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። አንዱን ድስት ሁለቱ ሆነው አጠቡት፤ ብዙ ቆዩበት። እኔ በር ላይ ቆሜ አልቅሼ ያልወጣልኝን ያን ጊዜ አለቀስኩት።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግቢው ሊፈርስ ነው ተባለ። ስብሰባ ተጠራ፣ ምዝገባ ሆነ፣ ዕጣ ወጣ። እኔና እናቴ ጀሞ ደረሰን፤ እታለም የካ አባዶ፤ ሌሎቹም እንዲሁ በከተማው ጫፍና ጫፍ ተበተኑ። አዲስ ቤት አግኝተናል፤ ውሃው እቤት ውስጥ ነው፣ መጸዳጃው የራሳችን ነው፤ ይህን አልክድም፤ ለወረፋና ለጋራ መጸዳጃ የሚናፍቅ ሰው ካለ በልጅነቱ እዚያ አልቆመም ማለት ነው። እናቴም አላማረረችም። ብቻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ወጥ እያማሰለች ድንገት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለግድግዳው አንድ ነገር ትጀምራለች፤ ወዲያው ታቆማለች። ከግድግዳው ጀርባ ደረጃ ነበር። እንዳልሰማ ሆኜ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

ከእታለም ጋር በስልክ ይገናኙ ነበር። ስልክ ግን እንደ ግድግዳው አይደለም፤ ደህና ነሽ ወይ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ፣ በቃ። ታክሲው ሦስት ቦታ መቀያየር ነው፤ የእታለም ጉልበት ታመመ፤ የእናቴ የደም ግፊት ተነሳ። በዓል ሲመጣ እሄዳለሁ ትላለች፣ በዓል ያልፋል።

የእኔ ሠርግ ሲደርስ አዳራሽ ተከራየን፣ ላንቻ አካባቢ። ጀሞ ላይ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ቢኖርም የባለቤቴ ዘመዶች ብዙ ነበሩ፤ ዘመኑም እንደዚያ ነው። አዳራሹ ከነምግቡ ነው፤ ከውጭ ወጥ ማስገባት አይቻልም። እናቴ ይህን ስትሰማ አልተከራከረችም። ጥቂት ቆይታ ግን መልሱን እኔ ነኝ የምደግሰው አለች። ሙሽሮቹ ወደ ሙሽራዋ ቤት የሚመለሱበት ግብዣ የእናት ነውና ማንም ሊከለክላት አይችልም። በኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት ውስጥ ራሷ ትሠራለች፣ ድስት ከእድር ትወስዳለች። የፈለገችው ግን መልሱን እንዳልነበረ የገባኝ ስልክ ስትደውል ስሰማ ነው። የድሮ ግቢያችንን ሴቶች አንድ በአንድ እየደወለች የምትጠራቸው ለመልሱ ሳይሆን ለማግስቱ ነበር።

ስልኩን ስትዘጋ እያየኋት እንደነበር አወቀች።

«አንድ ቀን ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «እታለም ጉልበቷ ጭራሽ ሳይተዋት፣ እኔም ሳልተኛ። አንድ ቀን።»

በሠርጉ ቀን እናቴን ከፊት አስቀመጧት። ነጭ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፎቶ ሊያነሷት እንዳሉ ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣ ዋለች፤ እውነትም ቀኑን ሙሉ ሲያነሷት ነበር። ትልቅ ስክሪን ላይ የራሷን ፊት እያየች አንገቷን ትሰብራለች። ሳህን ሲያነሳ የነበረውን አስተናጋጅ ዕቃው የት እንደሚታጠብ ጠየቀችው አሉ። ልጁ ቅሬታ መስሎት አለቃውን ጠራ፤ አለቃው መጥቶ ሁሉም በማሽን እንደሚታጠብ አስረዳት። ደስ አይልም ብላ ነገረችኝ በኋላ፤ ሰው ሳይነካው።

መልሱ አማረ። ያበሰለችው ሁሉ ተበላ፣ እንግዳው ሲጨልም ተሸኘ። እኔና ባለቤቴ ለአዳር ወጣን፤ ድስቶቹን ማንም እንዳይነካቸው፣ ለነገ እንዲቆዩ ተነጋግረን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስመለስ አሮጌ የቤት ቀሚሴን በፌስታል ይዣለሁ፤ ባለቤቴ ሕጉን ነግሬው ስለነበር የዕቃ ሽቦ ገዝቶ ሙሽራ አበባ እንደሚይዝ ይዞታል። ወደ ጋራ ቤቱ ስንደርስ ድስቶቹ ሲሚንቶው ላይ ተደፍተዋል። ታጥበው፣ ደርቀው፣ ፀሐይ ላይ እያብለጨለጩ። እናቴ ነጩን ባለ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ አዲስ ነጠላ አጣፍታ፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹን እየደረደረች ነው። እጇን አየሁት፤ ሽቦው ጣቶቿን ልጦታል።

ምን ሆንሽ አልኳት። ቀና አላለችም።

«ከየትና የት ታክሲ ቀያይረው ለሚመጡ ሰዎች የቆሸሸ ድስት ላሳያቸው ኖሯል?» አለች። ማታ እንግዳው ከወጣ ወዲህ መተኛት አቅቷት ነበር። ቤቴ መጥተው ገበናዬን ያያሉ ብላ አስባ አስባ፣ ተነስታ ወርዳ፣ ብቻዋን አጠበችው። ፈንጠዝያውስ ስላት እጇን ከወንበሩ ላይ አነሳች። ይምጡና እናያለን አለች።

ረፋዱ ላይ መምጣት ጀመሩ። ከሩቅ አየኋቸው። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ጸጉራቸው ተሠርቷል፣ ጫማቸው የእንግዳ ጫማ ነው። አንዷ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ፣ አንዷ ለስላሳ በሳጥን አስይዛ። እታለም በመጨረሻ በልጇ መኪና መጣች፤ ከስታለች፣ ምርኩዝ ይዛለች፣ ክንዷ ላይ ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥላለች። እናቴ ስታያት ሮጠች፤ ተያይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ እናቴ ወንበር ሳበችላት፣ ተቀመጪ በሞቴ አለቻት። ወንበሮቹ በግድግዳው ልክ ነበር የተደረደሩት፤ በግድግዳው ልክ ተቀመጡ።

ጤና ተጠያየቁ። ስንተኛ ፎቅ እንደሆኑ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደዳረ። እናቴ ማስታጠቢያ ይዛ ዞረች፤ ለእታለም እጅ ውሃ አፈሰሰችላት። የሁሉም እጅ ራሰ፤ ግን ለመብላት ነው። እናቴ ጭልፋ ይዛ ዳር ቆመች፣ ብሉ እንጂ ምነው አትበሉም እያለች። አመሰገኑ፣ መረቁ፣ ወጡን አደነቁ። አንዷ ነገሩን ለማሟሟቅ አጨበጨበችና ዘፈን አወጣች። ተራ በተራ እየተነሱ፣ ሙሽሪትን እያሉ፣ ትከሻቸውን ትንሽ ነቅነቅ አድርገው፣ እናቴን ስመው ተቀመጡ። እናቴ አላዋቂ አልነበረችም፤ አጨበጨበች፣ እልል አለች። ወደ መሃል ግን አልገባችም። ያ ሁሉ ፍቅር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሊነካው አልቻለም። እነዚያ ሴቶች በአንድ ቧንቧ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው፤ ጥቂት ዓመት ተለያይተው አንዳቸው ለሌላቸው የክብር እንግዳ ሆነዋል። እጮህ እጮህ አለኝ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ታክሲ ሳይጠፋ ማለት ጀመሩ። እታለም በምርኩዟ ተነስታ በሩን አልፋ ወደ ድስቶቹ ሄደች። እናቴ ተከተለቻት። እታለም ጎንበስ ብላ ትልቁን ጎላ አቃናችውና ጣቷን በውስጡ አዞረች፤ ጣቷን አየችው።

«ማን አጠባቸው?»

«እኔ።»

«ብቻሽን?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። «እንግዳ ይመጣል ብዬ» አለች።

እታለም ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ በክንዷ ያለውን ቦርሳ መታ መታ አደረገች። አሮጌ ቀሚስ ይዣለሁ አለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስዘጋጅ አድሬ፣ እዚህ ደርሼ ነጭ ለብሰሽ ሳይሽ ለማውጣት አፈርኩ። ከኋላዋ የቆሙት ሌሎቹ ሴቶች መሬት መሬት አዩ፤ ቦርሳ ያልያዘች አንዲትም አልነበረችም። ባለቤቴ ሽቦውን አሁንም እንደያዘ፣ እንደገና እናቆሽሻቸውና እንጠባቸው አለ። ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ የሳቁት እውነተኛ ሳቅ ያ ነበር። የእታለም ልጅ ግን መኪናውን አስነስቶ ነበር፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበቷ ብርድ አይችልም። ሌላ ጊዜ ተባባሉ። ሁሉም ሌላ ጊዜ እንደማይኖር ያወቁ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሲሳሳሙ ማንም ቀን አልቆረጠም።

መንገድ ድረስ ሸኘናቸው። መኪናው ከታጠፈ በኋላም እናቴ ቆማ ቀረች፤ ክንዷን ይዤ ወደ ቤት መለስኳት። ደረጃውን ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ለመሳብ ቆመች።

«ያን አሮጌ ቀሚሷን እኮ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ሰማያዊው ነው። ወገቡ ላይ እኔ የጣፍኩት።»